ከምድጃው ጀርባ ያደገው ሐረግ

በዚያ የስቅለት ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ኦቦ ገመቹ ከውጭው በር ገባ ብለው ቆመዋል፤ ከስግደት መመለሳቸው ስለነበር ነጠላቸው ወገባቸው ላይ እንደታሰረ ነው፣ የሱሪያቸው ጉልበትም አፈር ይዟል። ልጃቸው ሌሊሴ የውሃው በርሜል አጠገብ ቁጢጥ ብላ እጇን ትታጠባለች። ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን ከድር ከግንቡ ማዶ የማገዶ ክምሩ ላይ ወጥቶ ራሱን ብቻ ብቅ አድርጓል። እኔ በተከራየሁት ቤት ደጃፍ ላይ፣ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አሳርፌ ቆሜያለሁ። ሁላችንም የምናየው አንድ ነገር ነበር፤ በዳቦ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን ሐረግ። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንደተውነው አልነበረም።

ያን ቀን የሆነው የሚገባው ኦቦ ገመቹን ላወቀ ሰው ስለሆነ አስቀድሜ ስለ እሳቸው ልናገር።

ኦቦ ገመቹ ባለፈው ነሐሴ አርፈዋል። የተቀበሩት በከባድ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ ከጃንጥላ እየተጋጨ ቄሱ የሚያነቡት እንኳ በደንብ አይሰማም ነበር። መስከረም ላይ ከድር ዳቦ ቤቱን ወደ ቡራዩ አዛወረ፤ እዚያ ያስገባው ምድጃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው አሉ። በእንጨት የሚነደው የድሮው ምድጃ ባዶውን ቀረ። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲጥል ሐረጉ ባንድ ሌሊት ጠቆረ። ግንዱ ደርቆ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ፤ እያንዳንዱን ሚስማር እንደያዘ ነው። ሌሊሴ እንዲነቀል አልጠየቀችም፣ እኔም አልነቀልኩትም። አንዳንድ ጠዋት በዚያ ሳልፍ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ። እሳቸው እንደዚያ ያደርጉ ነበር። አሁን ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው።

ወደ ሰበታ የመጣሁት አዲስ አበባ የነበርንበት ሰፈር ለመንገድ ሲነሳ ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ከሥራም በጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነበር የምፈልገው። ደላላው ወደ ኦቦ ገመቹ ግቢ ይዞኝ ሲመጣ ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ግንብ አዙረው ቆመዋል። አንድ እጃቸው የዳቦ ቤቱን ግድግዳ እየዳበሰ ነበር፤ ልጁን አተኩሶት እንደሆነ ለማወቅ ግንባሩን የሚነካ አባት ይመስላሉ። አፈርኩላቸው። ሰው ሲጸልይ የደረስኩ መስሎኝ ደላላውን ቆይ አልኩት።

ቤቱን አሳዩኝ። ግቢው ውስጥ ያሰኘኝን ብተክል እንደማይከፋቸው፣ ልብስ የማሰጣበትንም ቦታ ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው እያመለከቱ፣ “ያን ሐረግ ብቻ አይንኩብኝ” አሉ። “ቢነኩት ደግሞ ተጠያቂው እኔ አይደለሁም።”

ቤቱን በያዝኩ ማግስት ነካሁት። ቅጠሉ ባለ ሦስት ጣት ነው፣ ለስላሳ ጠጉር አለው፤ ሲያዩት ምንም ክፋት የለበትም። ሲታሽ የሚሰጠው ሽታ ግን ዝናብ የመታው ወጠጤ ፍየል ሽታ ነው። ስታጠብ ዋልኩ። ሽታው ማታም ከእኔ ጋር ተኛ። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገመቹ “አካም ቡልተን፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ?” ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ከጠየቁኝ በኋላ፣ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ “እጅዎ እንዴት ነው?” አሉኝ። በመስኮት አይተውኝ ኖሯል።

የሽታው ነገር ከድርንም ያስመርረው ነበር። ነፋስ በዚያ በኩል ሲመጣ ሽታው በጓሮ በር ገብቶ ዳቦ መሸጫው ይደርሳል። አንድ ጠዋት ከክምሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ “ኦቦ፣ ደንበኛዬ ዳቦህ ውስጥ ፍየል አስገብተሃል ወይ አለኝ እኮ” አለ።

ኦቦ ገመቹ ዘወር እንኳ ሳይሉ፣ “እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ አትሽጥለት። ጾም ታስገድፈዋለህ” አሉት።

እንዲህ ሲነታረኩ ለሰማ ሰው ጠበኞች ይመስላሉ። ነገር ግን ብርዱ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ከድር እሳቱን ጨርሶ አያጠፋም ነበር። ሥራ ሲጨርስ ፍሙን ወደ ኋለኛው ግድግዳ ገፍቶ አመድ ያለብሰዋል። “ለኦቦ ገመቹ ምራት ራት አስቀምጫለሁ” እያለ ይቀልዳል። ሐረጉን ምራታቸው ብሎ ነበር የሚጠራው።

ሐረጉ የቆላ ተክል ነው። ስሙን በአማርኛ ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ኦቦ ገመቹም ሐረግ ከማለት በቀር ሌላ ስም አይሰጡትም። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው የፓሽን ፍሬ ዘመድ ነው፣ ግን ማንም አይተክለውም፤ በሞቃት አገር በመንገድ ዳር፣ በአጥር ላይ፣ በእርሻ ውስጥ ራሱ ይበቅላል። ሰበታ ለእሱ አገር አይደለም። ኦቦ ገመቹ ጡረታ ወጥተው ወደ አባታቸው ቦታ ሲመለሱ ዘሩን በመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው መጡ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ዘሩት፤ ውርጭ ገደለው። ቀጥሎ በዘይት ቆርቆሮ ተክለው ቤት ውስጥ አሳደጉት፤ ብርሃን አጥቶ እንደ ክር ቀጠነ። ከዚያ በኋላ ነው በግቢው ያለውን ግድግዳ ሁሉ በመዳፋቸው እየዳበሱ ሲዞሩ የከረሙት። የሞቀው አንድ ብቻ ነበር፤ ከከድር ምድጃ ጀርባ ያለው። እኔ የደረስኩት ሐረጉ እዚያ ተተክሎ ሚስማር መያዝ በጀመረበት ሰሞን ነው።

አያያዙን አሳይተውኛል። ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ክር ይወጣል፤ ክሩ አየር ላይ እየዞረ የሚይዘው ይፈልጋል። ሚስማር ሲያገኝ ይጠመጠምበታል፣ ከዚያ የቀረው አካሉ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ግንዱን ወደ ግድግዳው ይስባል። “መሃሉን ይዩት” አሉኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ጥምዝምዙ እስከ መሃል በአንድ በኩል ይዞርና ከመሃል በኋላ በተቃራኒው ይዞራል። “ሁለቱም ጫፍ ተይዟል፣ ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢጠመዘዝ ይበጠሳል። ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ አደረገው” አሉ። ሰው ሲያመሰግኑ የማላውቃቸው ሽማግሌ ያን ክር እንደ ብልህ ልጅ ነበር የሚያወድሱት።

ይህን ሁሉ ያወቁት ከጠላትነት ነው። በወጣትነታቸው እርሻ ትምህርት ቤት ገብተው ተመርቀዋል፣ ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነቀምት በታች ባለ ቆላ፣ በአንድ ትልቅ የበቆሎ እርሻ፣ አረም ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከሚያስነቅሉት አረም አንዱ ይኸው ሐረግ ነው። “እንጀራዬን የበላሁት እሱን በማጥፋት ነው” ይሉ ነበር። ሚስታቸው አያንቱ ግን በቤታቸው አጥር ላይ አንዱን ተወችው። አለቆች ሊጠይቁ ሲመጡ የአረም ተቆጣጣሪው አጥር በአረም ተሸፍኖ ያያሉ፤ ይስቁባቸዋል። እሳቸው ሊነቅሉ ሲነሱ አያንቱ በር ላይ ትቆማለች። ፍሬውን ለልጇ ትለቅምላት ነበር።

አያንቱን ወባ ወሰደቻት። ሌሊሴ ያኔ ገና አፏን መፍታቷ ነው። እርሻው ወንድ ብቻውን ሕፃን የሚያሳድግበት ቦታ አልነበረምና ኦቦ ገመቹ ልጂቱን ወደ አዲስ አበባ ወደ እህታቸው ላኳት። ሌሊሴ እዚያው አደገች፣ ተማረች፣ ባንክ ገባች፣ አግብታ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። አክስቷን “እማዬ” እያለች አንቺ ትላታለች። አባቷን ግን “አባባ” ብላ እርስዎ ነው የምትላቸው። በየእሁዱ ትመጣለች፣ ዳቦና ስኳር ትይዛለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ትሄዳለች። ስትመጣ ኦቦ ገመቹ ኮታቸውን ይለብሳሉ። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ስለ ትራንስፖርት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን፣ ሐረጉን ለምን እንደዚህ እንደሚደክሙለት ጠየቅኳቸው። ሰው በማያገባኝ ነገር መጠየቅ ልማዴ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ጠየቅሁ። ሌሊሴ እናቷን አታስታውስም አሉኝ። ፎቶ የለም፤ ፎቶ አንሺው እርሻው ድረስ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፣ የመጣም ጊዜ አያንቱ ታማ ተኝታ ነበር። የቀረው ያ ፍሬ ብቻ ነው። “ዓይን ይረሳል፣ ጆሮም ይረሳል። ምላስ ግን አይረሳም” አሉኝ። “አንዲት ፍሬ ብቻ ከአፏ ብትገባ…” ብለው ተዉት።

ለምን ስለ እናቷ አይነግሯትም አልኳቸው። መልኳን፣ ጠባይዋን።

“ብነግራት የምታስታውሰው የእኔን ወሬ ነው እንጂ እናቷን አይደለም” አሉ። “አንድም ነገር ነግሬያት አላውቅም። የራሷ የሆነ አንድ ነገር እንዲቀር ብዬ ነው።”

ለእኔ ግን ነገሩኝ። ምናልባት እኔ የማበላሸው ነገር ስለሌለ ይሆናል። አያንቱ አጭር ነበረች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። በልጅነቷ ማጭድ የቀኝ እጇን ትንሿን ጣት ጅማት ቆርጦታልና ጣቷ አትታጠፍም፤ ውሃ ስትቀዳም፣ ስታጭድም፣ ያቺን ፍሬ ከሸፈናት የቅጠል መረብ ስታወጣም ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ትቀራለች። ይህን ሲናገሩ የራሳቸውን ጣት ቀጥ አድርገው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሐረጉ የመጀመሪያውን አበባ ያወጣው በየካቲት ነው። በጠዋት በሬ ተንኳኳ። “ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ከቀትር በፊት ይዘጋልና አሁን ይምጡ” አሉኝ። ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ ወጣሁ። አበባው በሦስት አረንጓዴ መረብ መካከል ተከፍቷል፤ ነጭ ነው፣ ውስጡን ዙሪያውን ሐምራዊና ነጭ ዘርፍ ከቦታል፣ እንደ ጥልፍ። ከመሃሉ አንድ አጭር ዘንግ ቆሟል። በዘንጉ ላይ ዱቄት የተሸከሙ አምስት ወንዴዎች አሉ፣ ከነሱ በላይ ሦስት ሴቴዎች ቀጥ ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። “አይቸኩሉ፣ ሲንቀሳቀስ ያዩታል” አሉ። የዶሮ ላባ ይዘው ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሦስቱ ሴቴዎች ቀስ በቀስ ጎንበስ ማለት ጀመሩ፤ ወደ ወንዴዎቹ፣ ወደ ዱቄቱ። ጠዋት ንብ ካመጣላቸው አመጣላቸው፤ ካልመጣ ራሳቸው ዝቅ ይላሉ። ፈረንጆች ይህን አበባ የሕማማት አበባ እንደሚሉት፣ ሦስቱን ችንካር፣ ዘርፉን የእሾህ አክሊል ነው እንደሚሉ በትምህርት ቤት ሰምተዋል። “እኔ ግን አይመስለኝም” አሉ። “ችንካር ጎንበስ አይልም።”

ከድር ከክምሩ ላይ ሆኖ፣ “ምራታችን ዛሬ ተሞሸረች” አለ። ኦቦ ገመቹ በላባው ሦስቱን ነካ ነካ አደረጓቸው። እኩለ ቀን ሳይሞላ አበባው ተጣጥፎ ተዘጋ፣ ዳግመኛም አልተከፈተም። ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አበባ አወጣ። ሌሊሴ ግን አንዱንም አላየችም። ከኮዬ ፈጬ ሰበታ ለመድረስ ሦስት መኪና መቀየር አለባት፤ መቼም ቢሆን ከቀትር በፊት አትደርስም። ስትመጣ ግድግዳው ላይ የምታየው የተጨማደደ ነገርና ቅጠል ነው። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ “እማማ ጥሩነሽ፣ አባባ ይሄን የሚገማ ነገር ለምንድን ነው የሚወዱት?” አለችኝ። ጠይቂያቸው አልኳት። አልጠየቀችም።

ፍሬው የሚያድገው በዚያው መረብ ውስጥ ነው። ሦስቱ አረንጓዴ መረቦች አበባው ከረገፈ በኋላም አይወድቁም፤ ፍሬውን ይዘጉበታል። እያንዳንዱ ክር ጫፉ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታ አለው። ትንኝና ጉንዳን ይያዙበትና ይሞታሉ። ሐረጉ ይበላቸዋል የሚሉ አሉ፣ ኦቦ ገመቹ ግን አጥር ነው እንጂ አፍ አይደለም ይሉ ነበር፤ ትል ፍሬው ጋ እንዳይደርስ ነው። ሲያዩት ግን ደስ አይልም። ለማያውቅ ሰው ሸረሪት ያደራበት፣ ተባይ የወረሰው ነገር ነው።

አረንጓዴው ፍሬ የበላውን ይጎዳል፤ ብጫ ሆኖ መረቡ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከድር አንዱን ሊቀጥፍ እጁን ሲሰድ፣ “ቱሪ” አሉት። ቆይ ማለት ነው። ይቺ ቃል ከአፋቸው አትጠፋም ነበር። ለሚፈላ ሻይ ቱሪ፣ ለሚጮህ ውሻ ቱሪ፣ እኔም ቸኩዬ ከቤት ስወጣ ቱሪ። በዚያ ዓመት ጾመ ሁዳዴ በየጠዋቱ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቱሪ ሲሏቸው እሰማ ነበር።

ሕማማት ሲገባ ፍሬዎቹ መንጣት ጀመሩ። ሰኞ የነጣው ማክሰኞ ብጫ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ኦቦ ገመቹ በስግደት የደከመ ሰውነታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አዩና፣ “ለፋሲካ ይደርሳል” አሉኝ። ለሌሊሴ ደውለው በትንሣኤው ቀን በጠዋት እንድትመጣ ለመኗት። የሚያሳዩት ነገር እንዳለ አልነገሯትም። ድምፃቸው ግን ስለተለወጠ ልጂቱ አመማቸው ብላ ሰጋች። ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው።

ስለዚህ እሑድን ሳትጠብቅ ዓርብ መጣች። ባንክ ዝግ ነው፤ አባቷ ደክመዋል፤ ቤቱን ለበዓል አጽድታ ልታስደስታቸው አሰበች። እኔና ኦቦ ገመቹ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነን። ከድርም ጁምዓ ሄዷል። ቁልፍ የሚቀመጥበትን ታውቃለች፣ ከፍታ ገባች። ወለሉን አጠበች፣ መጋረጃውን አወረደች፣ ግቢውን ጠረገች። በመጨረሻ ሐረጉን አየች።

ሌሊሴ ፍቅሯን በአፏ የምትናገር ልጅ አይደለችም፤ በመጥረጊያ ነው የምትናገረው። አባቷ የሚወዱት ተክል ድር አድርቶበት፣ የሞተ ትንኝ ተጣብቆበት ስታይ አዘነች። በጣቷ እያንዳንዱን መረብ ከነውስጡ ለቀመች። ቅጠሉን በሳሙና ውሃ አንድ በአንድ አበሰች። የለቀመችውን በቅርጫት አድርጋ በግንቡ ላይ ለከድር ሠራተኛ አቀበለችው፤ ተባዩ ወደ ሌላ ተክል እንዳይሄድ እሳት ውስጥ ጣልልኝ አለችው። ጣለው። ሐረጉን ያሳደገው ምድጃ ፍሬውን በላው።

እንግዲህ የገባነው በዚህ ሰዓት ነው።

ኦቦ ገመቹ በሩን አልፈው ቆሙ። ግድግዳውን አዩ። ቅጠሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ከቅጠል በቀር ምንም የለም። ከድር ከጁምዓ ተመልሶ ነገሩን ከሠራተኛው ሰምቶ ኖሮ ክምሩ ላይ ወጣ። “ኦቦ፣ ወላሂ እኔ አልነበርኩም…” ብሎ ሲጀምር ሽማግሌው እጃቸውን ትንሽ ብቻ ከፍ አደረጉ። 

ሌሊሴ ከበርሜሉ አጠገብ ቀና አለች። በሕማማት መሳሳምም እጅ መጨባበጥም የለምና ባለችበት ሆና አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻቸው። ፊቷ በርቷል። “አባባ፣ ሐረጉን ተባይ ወርሶት ነበር” አለች። “አንድ ሳላስቀር ለቀምኩልዎት።”

ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ኦቦ ገመቹ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ያን አስተያየት መግለጽ አልችልም። አፌን ዘጋሁ።

“ጎሽ፣ የእኔ ልጅ” አሏት። “እጅሽ ይባረክ።”  ከስግደት ይልቅ ይህን ለመናገር ብዙ ጉልበት የጨረሱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ወዲያው እኔ ልብስ የምዘፈዝፍበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሌሊሴ መታጠቧን ቀጠለች። “ሽታው ግን አልለቅ አለኝ” አለች፣ ለማንም ሳይሆን። “በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አጠብኩት። ለካ በአመድ ነበር የሚለቀው።”

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “በአመድ እንደሚለቅ ማን ነገረሽ?” አሏት።

“ሰው ነገረኝ መሰለኝ። እማዬ ትሆናለች።”

“እህቴ ቤት አመድ አልነበረም። በቡታ ጋዝ ነበር የምትሠራው።”

ሌሊሴ እጇን ከውሃው አወጣች። መዳፏን አየች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ፊቷን አላጨማደደችም። 

“አንዲት ሴት ነች” አለች። “ከኋላዬ ሆና ነው እጄን የያዘችው። ፊቷ አይታየኝም። አመድ አድርጋ ታሸኛለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትስቃለች።”  ከዚያ ግራ እጇን በቀኟ ይዛ የእጅ አንጓዋ ላይ አንድ ቦታ ነካች። “ጣቷ እዚህ ጋ ይወጋኛል። ትንሿ ጣቷ። ሌሎቹ ሲታጠፉ እሷ አትታጠፍም፤ ቀጥ ብላ ትቀራለች።”

ከድር ከማገዶው ክምር ወረደ። እንጨቱ ሲንሸራተት ሰማሁት።

ሌሊሴ አባቷን አየቻቸው፤ በጥፋቷ የተቆጧት መስሏት ይሁን አላውቅም፣ ደንገጥ ብላ ተነሳች። “አመድ ከዳቦ ቤቱ ላምጣ” አለች።

“ቱሪ” አሉ ኦቦ ገመቹ።

ከድንጋዩ ተነስተው ሄዱና እጇን ያዙ። ሕማማት ነው፣ ቀኑ ስቅለት ነው፣ እሳቸው ደግሞ አንድም ሥርዓት ሲያፈርሱ አይቼ የማላውቃቸው ሰው ናቸው። እርጥቡን እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

የቤቴ መስኮት በዚያ ግቢ ላይ ነው የሚከፈተው። ወደ ቤት አልገባሁም። እግሬን ከደረጃው ላይ አወረድኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ የውጭውን በር ቀስ አድርጌ ገፍቼ ወጣሁ።